የቡልዶጉ ቀለም፦ የማክ መኪና ታሪክ ከሰንሰለት እስከ ቮልቮ

ማክ የተባለው የአሜሪካ የጭነት መኪና ኮፈን ጫፍ ላይ የተቀመጠው የቡልዶግ ውሻ ምስል ለጌጥ ብቻ አይደለም። ቀለሙን ማንበብ የሚያውቅ ሰው ኮፈኑ ሳይከፈት መኪናው በውስጡ ምን እንደያዘ ይናገራል። ወርቃማ ከሆነ ሞተሩም፣ ካምቢዮውም (የማርሽ ሳጥኑ)፣ ጉልበቱን ለጎማዎቹ የሚያካፍሉት የኋላ ዲፈረንሻሎቹም የማክ ናቸው። ብርማ ከሆነ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ከሌላ ፋብሪካ ተገዝቶ ገብቷል፤ ከሚንስ ሞተር፣ ኢተን ፉለር ካምቢዮ ወይም ሜሪተር ዲፈረንሻል ሊሆን ይችላል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው ኤልአር የተባለው የቆሻሻ መኪና ላይ ደግሞ ውሻው የመዳብ መልክ አለው። ያገለገለ ማክ የሚገዛ ሰው ግን ቀለሙን ብቻ አምኖ ገንዘብ እንዳይቆጥር። ምስሉ የታሰረው በቡሎን ነው፤ ፈትቶ ሌላ ማሰር ጊዜ አይፈጅም። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ላይ የተመታውን የብረት ታርጋ ጎንበስ ብሎ ማንበብ ይሻላል።

ይህች የቀለም ነገር ትንሽ ትመስላለች እንጂ የኩባንያው ታሪክ በሙሉ እሷ ውስጥ አለ። ኬንዎርዝና ፒተርቢልት የተባሉት የአሜሪካ ተፎካካሪዎቹ ስማቸውን ያገነኑት ጥሩ ገጣጣሚ ሆነው ነው፦ ሻንሲውንና ጋቢናውን ራሳቸው ይሠሩ፣ ሞተሩን ከከሚንስ ወይም ከካተርፒላር፣ ካምቢዮውን ከፉለር፣ ዲፈረንሻሉን ከሮክዌል ያመጡ ነበር። ደንበኛው እንደ ምግብ ዝርዝር ይመርጥ ነበር። ማክ ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት «የኔን ሞተር ከኔ ካምቢዮ ጋር ውሰድ» ሲል የኖረ ፋብሪካ ነው። ያስከበረውም ያስቸገረውም ይኸው ጠባዩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ረጅም መንገድ የሚሠሩ ወገኖቻችን ይበልጥ የሚያውቁት ፍሬይትላይነር ካስኬዲያንና ቮልቮን ነው፤ ማክን በብዛት የሚያገኙት ገልባጭ፣ የኮንክሪት ሚክሰርና የቆሻሻ መኪና ላይ ነው። ለምን እዚያ እንደቀረ ከታች ይመጣል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከብሩክሊን ጋሪ ቤት

ጃክ ማክና ወንድሙ ኦገስተስ በ1893 ብሩክሊን ውስጥ አንድ የሠረገላና የጋሪ መሥሪያ ቤት ገዙ። ኩባንያው እንደሚተርከው የመጀመሪያውን ሞተር ያለው አውቶቡስ በ1900 ጨርሰው ፕሮስፔክት ፓርክ ውስጥ ጎብኚ ማመላለሻ አደረጉት። መጀመሪያ ላይ መኪኖቻቸው ይሸጡ የነበረው «ማንሃታን» በሚል ስም ነበር፤ «ማክ» የሚለው ስም በቦታው የገባው በ1910 ነው። በ1905 ፔንሲልቫንያ ውስጥ ወደምትገኘው አለንታውን ተዛወሩ፤ ከተማዋና መኪናው ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ሳይለያዩ ኖሩ። በ1911 ማክ ሳውረር ከተባለ መኪና አምራች ጋር፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ሂዊት ከተባለ ሌላ አምራች ጋር በአንድ ጥላ ሥር ገባ። ጃክ ማክ ብዙም ሳይቆይ ኩባንያውን ለቀቀ፤ በ1924 የሚነዳት መኪና ከትራም ጋር ተጋጭታ ሞተ። ስሙ ኮፈን ላይ ቀረ፣ ሥራውን ግን ሌሎች ቀጠሉት። ከሂዊት ጋር የመጣው መሐንዲስ ኤድዋርድ ሂዊት በ1914 ኤቢ የተባለውን ቀለል ያለ መኪና ነደፈ። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው ማክን ማክ ያደረገው።

ኤሲ የተባለው ይህ መኪና በ1916 ገበያ ላይ ወጣ። አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነበረው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 5 ኢንች፣ የፒስቶኑ ምልልስ 6 ኢንች፣ በጠቅላላው 7.7 ሊትር ገደማ። በወረቀት ላይ 40 የፈረስ ጉልበት ይባላል፣ ተለክቶ የተገኘው ግን ከ70 በላይ ነው። ይህ ልዩነት ብዙ ሰው ያደናግራል። በዚያን ዘመን ጉልበት የሚሰላው በቀመር ነበር፦ የሲሊንደሩን ስፋት በራሱ አባዛ፣ በሲሊንደሩ ቁጥር አባዛ፣ ለ2.5 አካፍል። 5 ጊዜ 5 ጊዜ 4፣ ሲካፈል ለ2.5፣ ልክ 40 ይመጣል። የፒስቶኑ ምልልስ ቀመሩ ውስጥ ስለሌለ ረጅም ምልልስ ያለው ሞተር ሁልጊዜ ከወረቀቱ በላይ ይሰጣል።

ራዲያተሩ ከሞተሩ ፊት ሳይሆን ከኋላው፣ ጋቢናው ሥር ነበር። ስለዚህ ኮፈኑ ወደ ፊት ተዳፍቶ የታጠፈ አፍንጫ መሰለ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ የግንባታ ቦታ ላይ መኪና ከመኪና፣ መኪና ከግድግዳ ይጋጫል፣ ፊት ያለ ራዲያተር ደግሞ የመጀመሪያው ተጎጂ ነው። ጉዳቱ ሾፌሩ እግር ሥር የሚመጣው ሙቀት ነው። ያ ዓይነቱ ኮፈን በወቅቱ የሬኖ መኪኖች መለያ ነበር፤ ከስልሳ ዓመት በኋላ ሬኖ ራሱ መጥቶ ማክን እንደሚገዛ ማን ያውቃል።

ጉልበቱ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው በሰንሰለት ነው። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ሻንሲው መሐል አንድ ላይ ተቀምጠው፣ ከግራና ከቀኝ የወጣ ዘንግ ጥርሳም ጎማ ይዞ፣ ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ጎማ ይጎትታል። የኋላው አክስል ጭነት ከመሸከም በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ተፎካካሪዎች ወደ ካርዳን (ጉልበቱን ወደ ኋላ አክስል የሚያደርስ የሚዞር ዘንግ) ሲሸጋገሩ ማክ ሰንሰለቱን ይዞ የቆየው በግትርነት ብቻ አልነበረም። የዘመኑ ኮሮናና ፒኞን፣ ማለትም ዲፈረንሻሉ ውስጥ የሚነካከሱት ትልቁና ትንሹ ጥርሳም ጎማ፣ ከባድ ጭነት ሲያርፍበት ጥርሱ ይረግፋል፤ ሰንሰለት ግን ቢበጠስ እዚያው መንገድ ላይ አንድ ማያያዣ ተቀይሮለት ጉዞ ይቀጥላል። ዳገታማ ቦታ ለሚሠራ ደግሞ የፊቱን ጥርሳም ጎማ በትንሽ መቀየር ብቻ ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት ይጨምራል።

ዋጋው ጥገናው ነው። ሰንሰለት ረዘመ ሲባል ብረቱ ተለጥጦ አይደለም፤ እያንዳንዱ ፒን በአሸዋና በጭቃ እየተበላ፣ ጥቃቅኗ ክፍተት ተደማምራ ነው። የረዘመ ሰንሰለት ወደ ጥርሱ ጫፍ ይወጣና ይዘላል፣ ሲዘል ጥርሱን ይሰብራል። ስለዚህ ወቅቱን ጠብቆ ፈትቶ በኬሮሲን ማጠብ፣ ከዚያ በቀለጠ ሞራና ግራፋይት ውስጥ መዘፍዘፍ ግድ ነበር። ቅባቱ ፒኑ ውስጥ የሚገባው በሙቀት ነው፤ ከላይ የተቀባ ግራሶ አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ፋይዳ የለውም። ሲወጠር ደግሞ ሁለቱም ጎን እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ አክስሉ ይጣመምና መኪናው በጎን ይሄዳል። አዲስ ሰንሰለት በተበላ ጥርስ ላይ ማሰር ገንዘብ መጣል ነው፣ አብረው ነው የሚቀየሩት።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞችም አሜሪካኖችም በሺህ የሚቆጠር ኤሲ ወደ ፈረንሳይ ወሰዱ። ቡልዶግ የሚለውን ስም ያወጡለት የእንግሊዝ ወታደሮች እንደሆኑ ይነገራል፦ የተጨፈለቀ አፍንጫ፣ የያዘውን የማይለቅ። ኤሲ እስከ 1930ዎቹ መጨረሻ ድረስ ተሠርቶ ቁጥሩ 40,299 ደረሰ። በዚያ ዘመን ሁለት አሥርት ዓመት ሙሉ መልኩ ሳይቀየር የሚሸጥ የጭነት መኪና እንግዳ ነገር ነው። እንግሊዝኛው ውስጥ «እንደ ማክ መኪና የተሠራ» የሚለው አባባልም የበቀለው ከዚህ ነው።

ኩባንያው በ1922 ስሙን ማክ ትራክስ ብሎ ውሻውን ምልክቱ አደረገ። ኮፈኑ ላይ የሚቆመውን ምስል ግን የቀረጸው ዋና መሐንዲሱ አልፍሬድ ማሱሪ ነው፤ በ1932 ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እጁ ሥራ ሲፈታበት ውሻ ይቀርጽ ጀመር፣ የንድፍ ባለቤትነቱንም አስመዘገበ። በማግሥቱ ዓመት ሚያዝያ ወር ላይ አክሮን የተባለችው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የአየር መርከብ ኒው ጀርሲ ዳርቻ ስትወድቅ ከሞቱት 73 ሰዎች አንዱ ማሱሪ ነበር። ዛሬ በየመንገዱ የምናየው ውሻ የአንድ ታማሚ ሰው የጊዜ ማሳለፊያ ነው።

ናፍጣና ሁለት ማርሽ መምቻ

ማክ በ1938 የራሱን ናፍጣ ሞተር ሲያወጣ ሌላው አሜሪካዊ አምራች ገና ከሚንስን እየጠበቀ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የላኖቫ ዘዴ ይጠቀሙ ነበር፦ ከናፍጣ መርጫው ፊት ለፊት ትንሽ ጓዳ አለች፣ የተወሰነው ናፍጣ እዚያ ገብቶ ይቀጣጠልና ተመልሶ ወጥቶ የቀረውን ያቃጥላል። ሞተሩ ለስላሳ ይሆናል፣ ግን ሙቀቱ በጓዳዋ ግድግዳ በኩል ስለሚያመልጥ ናፍጣ ይበላል፤ ጠዋት በብርድ ለማስነሣትም ያስለምናል። በጦርነቱ ጊዜ ፋብሪካው ከ35,000 በላይ ከባድ መኪና ሠራ፤ ከእነሱ ውስጥ 155 ሚሊ ሜትሩን መድፍ የሚጎትተው ባለ ስድስት ጎማ ጎታች ኤንኦ ይታወሳል። ያን እንለፈው።

በ1953 የመጣው ተርሞዳይን ሞተር ጓዳዋን አስቀርቶ ናፍጣውን በቀጥታ ፒስቶኑ ራስ ላይ መርጨት ጀመረ። 11 ሊትር፣ 170 የፈረስ ጉልበት። የገባው ቢ በተባለው ክብ ኮፈን ባለው መኪና ላይ ነው፤ ቢ61 የሚባለውን አሮጌ መኪና የሚወድ አሜሪካዊ ሁሉ ያውቀዋል። እስከ 1966 ድረስ የቢ ዘር 127,786 ተሠርቷል።

ቢ61ን አስቸጋሪም ተወዳጅም ያደረገው ካምቢዮው ነው። 170 የፈረስ ጉልበት ብቻ ይዞ ሠላሳ ቶን ለመጎተት ብዙ ማርሽ ያስፈልጋል። ማክ ያደረገው ዋናውን ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ ከሌላ ትንሽ ካምቢዮ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ማጣመር ነው። ዱፕሌክስ የሚባለው 5 በ2፣ ማለትም 10፤ ትሪፕሌክስ 15፤ ኳድሩፕሌክስ 20 ማርሽ ይሰጣል። ማርሽ ለመቀየር የሚያግዝ አየር የለ፣ ፍጥነቱን የሚያስማማ ሲንክሮ የለ፤ ለእያንዳንዱ ካምቢዮ የየራሱ መምቻ ከወለሉ ይወጣል፣ ሁለቱ ጎን ለጎን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዋናው መምቻ 2ኛ ላይ እንዳለ ትንሹ መምቻ ብቻ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይሄዳል። እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ችግሩ ትንሹ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ነው፦ አሁን ዋናው ወደ 3ኛ መሄድ፣ ትንሹ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ወደ ታችኛው መመለስ አለበት። ሾፌሩ ግራ እጁን በመሪው ቀዳዳ አሾልኮ አንደኛውን መምቻ ይይዛል፣ ቀኝ እጁ ሌላኛውን፣ መሪውን በክርኑና በደረቱ ደግፎ። ሁለቱንም ወደ ባዶ፣ የሞተሩን ዙር ማስተካከል፣ ሁለቱንም ማስገባት። ሁለቱም ባዶ ላይ እያሉ ዙሩ ካመለጠው ዳገት ላይ ምንም ማርሽ የሌለው ባለ ሠላሳ ቶን ሰው ሆነ ማለት ነው፤ ያለው ምርጫ ቆሞ ከታች መጀመር ነው። ሌላም አደጋ አለ። የፊት ጎማ ጉድጓድ ሲመታ መሪው በኃይል ይዞራል፣ በቀዳዳው የገባ ክንድ ደግሞ ለመውጣት ጊዜ አያገኝም። የዱሮ ሾፌሮች ሁለቱን መምቻ በአንድ ቀኝ እጅ፣ አንዱን በመዳፍ ሌላውን በክንድ፣ መምታት የተማሩት ወደው አይደለም።

ማክሲዳይን

ከማክ ሥራዎች ሁሉ ትልቁ የትኛው ነው ብትሉኝ ያለ ማመንታት በ1966 የመጣውን ማክሲዳይን እላለሁ። የመሐንዲሱ የዋልተር ሜይ ሥራ ነው። ጉልበቱ 237 የፈረስ ጉልበት ነው፣ ብዙ አይደለም። አስገራሚው ቶርኩ፣ ማለትም የመጠምዘዝ ጉልበቱ፣ የሚሄድበት መንገድ ነው።

ቁጥሩን እናስላ። በደቂቃ 2,100 ዙር ላይ 237 የፈረስ ጉልበት ወደ 804 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ዳገት ሲይዘው ዙሩ ይወርዳል፣ 1,200 ላይ ሲደርስ ቶርኩ 1,228 ኒውተን ሜትር ይሆናል፦ ከግማሽ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ወደ ፈረስ ጉልበት ስንመልሰው 1,200 ዙር ላይም ወደ 207 ገደማ አለው። ሞተሩ ከዙሩ ግማሽ የሚጠጋውን አጥቶ ከጉልበቱ ያጣው አንድ ስምንተኛውን ብቻ ነው። የዘመኑ ሌላ ናፍጣ ሞተር ከ2,100 ወደ 1,700 ሲወርድ ጉልበቱ ያልቅና ማርሽ ይለምናል።

ከዚህ የሚመጣውን ልብ በሉ። ሞተሩ በደንብ የሚሠራው ከ1,700 እስከ 2,100 ከሆነ፣ በሁለት ማርሽ መካከል ያለው ልዩነት ከ1.24 እጥፍ ሊበልጥ አይችልም፤ ስለዚህ 10፣ 13፣ 15 ማርሽ ግድ ነው። ከ1,200 እስከ 2,100 የሚሠራ ግን 1.75 እጥፍ መዝለል ይችላል። አራት ማርሽና አንድ ከጭቃ መውጫ ይበቃዋል። ማክሲዳይን ባለ 5 ማርሽ ማክሲቶርክ ካምቢዮ ይዞ የመጣው ለዚህ ነው፤ ትናንት ሁለት መምቻ ይዞ ሲታገል የነበረ ሾፌር አንድ መምቻና አምስት ቦታ ብቻ ቀረለት።

ምሥጢሩ ሁለት ነው። የናፍጣው ፖምፓ ዙሩ ሲወርድ ለእያንዳንዱ ምት የሚረጨውን ናፍጣ ይጨምራል። ናፍጣ ብቻ መጨመር ግን ጥቁር ጭስ ነው፤ ስለዚህ ቱርቦው ዝቅ ባለ ዙር ላይም በቂ አየር እንዲነፋ ተደርጎ ተመረጠ። ይህ ሁሉ በፒስቶኑ ላይ ከበድ ያለ ግፊት ስለሚያመጣ ክራንኩም ብሎኩም ተጠናከሩ። ካምቢዮውም ያንን ቶርክ እንዲችል ጉልበቱ በሦስት የጎን ዘንጎች ተከፋፈለ፣ ፉለር በሁለት እንደሚያደርገው። ጉልበቱ ለሦስት ሲካፈል ጥርሶቹ ጠባብ ይበቃቸዋል፣ ካምቢዮውም አጭር ይሆናል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከሌላ መኪና የመጣ ሾፌር ልማዱን ይዞ 1,700 ላይ ማርሽ ይቀንሳል፣ ከዚያ ማክ ሰነፍ ነው ይላል። ማክሲዳይን ዳገት ላይ ነዳጁ ተረግጦ እስከ 1,300፣ 1,200 ድረስ እንዲወርድ መተው አለበት። ከ1,200 በታች ግን ተዉት አልተባለም፤ እዚያ የቱርቦው አየር ያንሳል፣ የጭስ ማውጫው ሙቀት ይወጣል፣ ክራንኩ ይመታል። ሁለተኛው ስህተት ፖምፓውን ከፍቶ ናፍጣ መጨመር ነው። መጀመሪያ ደስ ይላል። ሞተሩ ለሦስት ለሦስት ሲሊንደር የተከፈሉ ሁለት ቴስታታዎች (የሲሊንደር ክዳኖች) አሉት፤ ሙቀቱ ሲበዛ መጀመሪያ የሚናገሩት እነሱ ናቸው፣ ወይ ይሰነጠቃሉ ወይ ሥራቸው ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይነፋል። የጭስ ሙቀት መለኪያ የሌለው መኪና ላይ ፖምፓ መንካት በጨለማ መርፌ ማስገባት ነው። ሦስተኛው፣ ቱርቦው አየር እስኪሞላ ድረስ ናፍጣውን የሚገድብ በአየር የሚሠራ ጭስ መከላከያ አለ። «መኪናው ሲነሳ ይዘገያል» ብለው የሚነቅሉት ብዙዎች ነበሩ፤ ያተረፉት ጥቁር ጭስና በጥላሸት የተበላሸ ዘይት ነው። ከዳገት መጥቶ ወዲያው ማጥፋትም ያው ነው፤ ቱርቦው ቀልቶ ሳለ ዘይት ከቆመበት ኩሽኔታው ላይ ዘይቱ ከስሎ ይቀራል። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ በዝግታ እንዲዞር መተው ይበቃል።

ከኋላው ጎንበስ ሲሉ

ማክ ግንባታ ቦታ ላይ ለምን እንደቀረ የሚታየው ከኋላ ነው። ተራ ዲፈረንሻል ከፊት ለፊት ይከፈታል፣ ካርዳኑም በአክስሉ ቁመት ይገባል። የማክ ግን ከላይ የሚከፈት ነው፣ ካርዳኑ የሚገባው ከአክስሉ በላይ ነው። ሁለት ጊዜ ይቀንሳል፦ መጀመሪያ በኮሮናና ፒኞን፣ ቀጥሎ በሌላ ጥንድ ጥርስ። ቅነሳው ለሁለት ስለተከፈለ አንዱም ጥርስ ብቻውን ጭነቱን አይሸከምም። ካርዳኑ ከፍ ስላለ ድንጋይ አያገኘውም፤ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው አክስል የሚሄደውም ዘንግ ቀጥ ያለ ስለሆነ የመስቀል ኩሽኔታው ዕድሜው ይረዝማል። ቅጣቱ ክብደትና በየጥርሱ የሚጠፋ ትንሽ ጉልበት ነው፤ ረጅም አስፋልት ላይ ናፍጣ የሚቆጥር ድርጅት ይህን አይወድም።

በሁለቱ አክስሎች መካከል ጉልበት የሚያካፍለውም የራሱ ነው። የተለመደው ዲፈረንሻል አንዱ ጭቃ ላይ ከዞረ ሌላው ይቆማል፣ ሾፌሩ በማብሪያ መቆለፍ አለበት። የማክ ያለ ማብሪያ ራሱን ይይዛል። ውስጡ ጎድጎድ ያለ ውስጠኛ ቀለበትና ውጪያዊ ቀለበት አሉ፣ የጎድጓዶቹ ቁጥር የተለያየ ነው፤ በመካከላቸው ሽብልቆች በአንድ ቅርጫት ውስጥ ተደርድረዋል። ሞተሩ የሚያዞረው ቅርጫቱን ነው፣ አንደኛው ቀለበት ለአንዱ አክስል፣ ሌላው ለሌላው። አንዱ አክስል ሲንሸራተት ሽብልቆቹ ከፍ ዝቅ እያሉ መንሸራተት ይኖርባቸዋል፣ ፍትጊያው ያንን ይከለክላል፤ በዚህ መንገድ እስከ 75 ከመቶ የሚደርሰው ጉልበት መሬት ወደያዘው አክስል ይሄዳል።

ይህ ዕቃ የሚገደለው በጭቃ አይደለም፣ በጎማ ነው። ፊተኛው አክስል ላይ አዲስ ጎማ፣ ኋለኛው ላይ ያለቀ ከታሰረ ሁለቱ አክስሎች ቀጥ ባለ አስፋልት ላይም በተለያየ ፍጥነት ይዞራሉ፤ ሽብልቆቹ ቀኑን ሙሉ ሲፋተጉ ይውላሉ፣ ይሞቃሉ፣ ፊታቸው ይላጫል። የተላጨ ሽብልቅ አይይዝም፣ ማርሽ ሲገባም «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ ስምንቱንም ጎማ በክር ዙሪያቸውን መለካት ነው፤ ልዩነቱ ከ19 ሚሊ ሜትር፣ በቁመት ሲታሰብ ከ6 ሚሊ ሜትር፣ ማለፍ የለበትም። ዘይቱም ማክ ጂኦ-ጄ ብሎ የሚያዘው ዓይነት ይሁን። ዘይት መፍሰስ ሲጀምር ደግሞ ኦይል ሲል (የዘይት ማገጃ ጎማ) ከመግዛት በፊት መተንፈሻውን ማየት፤ በጭቃ ከተደፈነ ውስጡ ሲሞቅ ግፊቱ መውጫ ፈልጎ አዲሱንም ኦይል ሲል ይገፋል።

ባሌስትራው የግመል ጀርባ ይባላል፤ ወፍራሙ ክፍል መሐል ላይ ወደ ላይ ጎብጦ፣ ጫፎቹ በጎማ ትራስ ላይ ሆነው ሁለቱን አክስሎች ይጫናሉ። መሐሉ ላይ የሚወዛወዝበት ዘንግ የነሐስ ቡሺንግ አለው፣ ግራሶ ይፈልጋል። ግራሶ ካጣ ይበላና አክስሎቹ አንድ ላይ ወደ ጎን ይጣመማሉ፤ መጀመሪያ የሚታየው ምልክት በአንድ ጎን የሚበላ የፊት ጎማ ስለሆነ ብዙ ሰው መሪ ሲያስተካክል ይከርማል። ኤስኤስ44 የሚል ታርጋ ካለው 44,000 ፓውንድ፣ ወደ 20 ቶን፣ የሚሸከም ማለት ነው።

ሬኖ፣ ቮልቮ

በ1979 ሬኖ ድርሻ ገዛ፣ በ1990 ሙሉውን ወሰደ። በመካከሉ በ1987 ማክ የአለንታውን ዋና መገጣጠሚያውን ዘግቶ ሥራውን ወደ ዊንስቦሮ፣ ደቡብ ካሮላይና አዛወረ፤ የሠራተኛ ማኅበሩን ሽሽት ነው ያሉት ብዙዎች ናቸው፣ ማኅበሩም ተከትሎ ገባ። ዊንስቦሮ ራሱ በ2002 ተዘጋ። ከአለንታውን አጠገብ ማካንጂ ላይ በ1975 የተከፈተው ፋብሪካ ግን ዛሬም ይሠራል። ቮልቮ ደግሞ በ2001 መጀመሪያ የሬኖን የጭነት መኪና ክፍል ሲረከብ ማክን አብሮ ወሰደ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም በ2009 ወደ ግሪንስቦሮ፣ ሰሜን ካሮላይና ሄደ።

የማክ የራሱ የመጨረሻ ሞተር ኢ7 ነው፣ 12 ሊትር፣ ከማክሲዳይን ዘር የወረደ። የ2007 የጭስ ሕግ ሲመጣ በቦታው ኤምፒ7ና ኤምፒ8 ገቡ። ኤምፒ8 12.8 ሊትር ነው፤ የቮልቮ ዲ13 ነው ማለት ነው፣ የናፍጣ አረጫጨቱና ጉልበቱ ለማክ ጠባይ ተስተካክሎ። በ2010 የመጣው ኤምድራይቭ የተባለው ባለ 12 ማርሽ ካምቢዮም ከቮልቮ አይሺፍት የወጣ ነው፣ ፍሪሲዮን ፔዳል የለውም። ሁለቱም ሄገርስታውን፣ ሜሪላንድ፣ ማክ በ1961 ባቆመው ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ፤ ከሚወጡት ከፊሉ ማክ ላይ፣ ከፊሉ ቮልቮ ላይ ይገባል። ኤምፒ8ና ኤምድራይቭ የያዘ ማክ ላይ ወርቃማ ውሻ ተቀምጦ ስታዩ ወርቅነቱ ከየት እንደመጣ አሁን ገብቷችኋል። እኔ በበኩሌ አልቃወምም፤ ኤምፒ8 ከመጨረሻዎቹ ኢ7ዎች ይልቅ ጥሩ ሞተር ነው። አለንታውን የተወለደ ሰው ግን ይህን ጮክ ብሎ አይናገርም።

ከድሮው ማክ የቀረው ከሥር ነው። ግራናይት የተባለ ገልባጭ አጠገባችሁ ሲቆም ከኋላ ጎንበስ በሉ፦ የግመል ጀርባ ባሌስትራ ካለው፣ ካርዳኑም አክስሉን ከላይ ከነካው፣ ያ ክፍል አሁንም የማክ ነው።